ከቦሬ ወደ ላይ፣ ከቦሬ ወደ ታች፦ አንድ አይሱዙ በእውነት ስንት ብር ይፈልጋል?

በደቡቡ መስመር «መኪና ልገዛ ነው» የሚለው ቃል «ላገባ ነው» ከሚለው ያልተናነሰ ክብደት አለው። ሰፈሩ ይሰማል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመክራል። የዓመታት እቁብ ይሰበሰባል፣ ግመል ወይ ወይፈን ይሸጣል፣ አጎት ያበድራል። ከዚያ አንድ ቀን ግንባሩ ላይ ጥቅስ የተጻፈበት፣ መስተዋቱ ላይ ጨሌ የተንጠለጠለበት አይሱዙ በር ላይ ይቆማል። እልል ይባላል።

ጥያቄው ከእልልታው በኋላ ነው የሚመጣው። ያ ልጅ ከስድስት ወር በኋላም መኪናው በእጁ ላይ ይኖራል ወይ?

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። በእኔ እምነት ባለ መኪና መሆን በቦሬ፣ በአዶላ፣ በሻኪሶ፣ በነገሌ ላለ ወጣት ከሚገኙት ጥቂት እውነተኛ የሥራ ዕድሎች አንዱ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው «የመኪና ዋጋ» ብሎ የሚያስበው ሻጩ የሚጠራውን ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከሰጠኝ ነገር ውስጥ ጠቃሚው አንድ ልማድ ነው፤ የማይታየውን ወጪ መፈለግ። እስቲ አብረን እንፈልገው።

ቦሬ ለምን?

ካርታውን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐዋሳ አልፎ በአፖስቶ ተገንጥሎ፣ በአለታ ወንዶና በሐገረ ሰላም በኩል የሚወጣው መንገድ ቦሬ ላይ ሲደርስ ጭጋግና ብርድ ይቀበለዋል። ቦሬ የጉጂ ደጋ ናት። ድንች፣ ገብስ፣ ጎመን፣ እንሰትና ቀርከሃ አገሯ ነው። ከዚያ መንገዱ መውረድ ይጀምራል፤ አዶላ፣ ዋደራ፣ ነገሌ። ነገሌ ለመድረስ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከነገሌ ወዲያ ደግሞ ፊልቱን ይዞ እስከ ዶሎ አዶ፣ እስከ ሶማሊያ ድንበር ይሄዳል።

በአንድ መስመር ላይ ደጋና ቆላ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ደጋው ያመረተውን ቆላው አያበቅልም፤ ቆላው ያረባውን ደጋው በዚያ መጠን የለውም። ከሻኪሶና ከአዶላ አካባቢ የጉጂ ቡና ይወጣል። ከነገሌና ከቦረና ሜዳ የቁም ከብት ወደ አዳማ ማድለቢያዎችና ወደ ሞጆ ቄራዎች ይሄዳል። ወደ ታች ደግሞ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ለስላሳ፣ ፓስታ፣ ሩዝ ይወርዳል። ለጫኝ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈለግ ዕቃ አለ።

ግን «አለ» እና «ለአንተ መኪና፣ በዛሬው ቀን፣ በዚህ ዋጋ አለ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ሰማይ ወጣ?

የጭነት መኪና ዋጋ በዶላር የሚወለድ፣ በብር የሚያድግ ነገር ነው። መኪናው፣ ጎማው፣ መለዋወጫው፣ ነዳጁ ሁሉም ከውጭ ነው የሚገባው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና አገር ውስጥ እንዳይታጎር ነበር፤ ነገር ግን በትንሽ ብር ሥራ ለመጀመር የሚያስበው ሰው የሚገዛው ደግሞ ያንኑ አሮጌውን ነው። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ለቀቀው። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ተሻገረ።

በዚህ ጊዜ መኪና የነበረው ሰው «አተረፍኩ» አለ። ትናንት የገዛሁት ዛሬ በስንት እጥፍ ይሸጣል ብሎ። ያው ደስ ይላል፣ ግን ትርፉ የወረቀት ነው። መኪናውን ሸጦ ከሥራው ካልወጣ በስተቀር ያ ብር እጁ አይገባም፤ ሸጦ ሌላ ልግዛ ካለ ደግሞ ሌላውም በዚያው ልክ ተወድዷል። በዋጋ ንረት ጊዜ ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው፤ ንብረቱ ያደገ ይመስለዋል፣ ያደገው ግን የመተኪያው ወጪ ነው።

ብሩ ከየት ይመጣል?

በኛ አገር ጀማሪን መኪና የሚያስገዛው ብዙውን ጊዜ ባንክ ሳይሆን ዘመድ ነው። እቁብ አለ፣ የቤተሰብ መሬት አለ፣ ከብት አለ። ባንክ ሲኬድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤት ወይም ሕንፃ ማስያዣ ነው። አርብቶ አደሩ ደግሞ ሀብቱ በእግሩ ይሄዳል እንጂ ካርታ የለውም። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትም ጭምር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን በሩን ከፍቷል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ሕግ መኖሩና የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ግመል ቆጥሮ ብር መስጠቱ ለየቅል ናቸው። በዚህ ላይ ነሐሴ 2015 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር። ብድር ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ በር የሚዘጋበት አዲስ ደንበኛና ትንሽ ነጋዴ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት እናስብ። ስም አንሰጠውም። ቦሬ ነው የሚኖረው፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አለው፣ ለዓመታት በሰው መኪና ላይ ሠርቷል። ከእቁብ፣ ከከብትና ከዘመድ 2 ሚሊዮን ብር አሰባስቧል። ያገለገለ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ በ4 ሚሊዮን ብር አገኘ እንበል። ልብ በሉ፣ ይሄ የገበያ ዋጋ ማስታወቂያ አይደለም። ከዚህ በታች የሌላ ምንጭ ስም ሳልጠራ የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ሁሉ ለሂሳብ የተወሰዱ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። መንገዱ ግን ያው ነው።

ቀሪውን 2 ሚሊዮን በ18 በመቶ ወለድ በአራት ዓመት የሚከፈል ብድር ቢያገኝ በየወሩ 58,750 ብር ገደማ ይከፍላል። በ48 ወር 2,820,000 ብር ይሆናል። 820,000ው ወለድ ነው። ወሩ ዝናብ ይሁን፣ መንገድ ይዘጋ፣ ሞተር ይውረድ፣ 58,750ው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ተረት በብድር መኪና ላይ ትንሽ ይቀየራል፤ ላሟ ምድር ላይ ናት፣ ወተቷን የሚጠጣው ግን ሌላ ነው።

ከመነሳቱ በፊት የሚወጣ ብር

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ልጁ 2 ሚሊዮኑን ቅድመ ክፍያ ካደረገ በኋላ ኪሱ ባዶ ነው። መኪናው ግን ገና አልተንቀሳቀሰም።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈጸማል፣ ዕዳና ዕገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራል፣ ክሊራንስ ይወጣል፣ ስም ይዛወራል፣ ሊብሬው ይቀየራል፣ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ይለጠፋል። ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም አለ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ ውክልና። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመሸሽ «በውክልና ይዘኸው ሥራ፣ በኋላ ታዞረዋለህ» ይባላል። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ከወራሾች ጋር ክርክር ነው፤ ዕዳ ካለበት አበዳሪው መጥቶ የሚያስይዘው አንተ የምትነዳውን መኪና ነው። በዚህ ቦታ መቆጠብ ውድ ቁጠባ ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ባሌስትራውን፣ ፖምፓውን የሚያይ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ባለሙያ ይዞ መሄድ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን በዓይን ማየት ነው። ለመካኒክ የሚከፈለው ብር ከሁሉም ትንሹ ወጪ ነው፤ የሚያድነው ግን ትልቁን ነው።

ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ አሁን የሚሠራበት የ2005 ዓ.ሙ አዋጅ ቁጥር 799 ነው። ግን እሱ የሚጠብቀው ሌላውን ሰው እንጂ የአንተን መኪና አይደለም። ባንክ ያበደረ ከሆነ አጠቃላይ መድን ግባ ይላል፤ ባይልም መግባት ነው። አንድ ሌላ ነገር፤ መደበኛው ውል በብጥብጥ ወይም በትጥቅ ግጭት ለሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። ለዚያ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን አለ። በደቡቡ መስመር ለሚሠራ ሰው ይህን ውሉ ላይ ሳያነቡ መፈረም ሞኝነት ነው።

እንግዲህ እንደምር፦

— ቅድመ ክፍያ፦ 2,000,000 ብር
— ስም ማዛወሪያ፣ ምርመራ፣ ፈቃድ፣ መካኒክ፦ 100,000 ብር
— የአንድ ዓመት አጠቃላይ መድን (የመኪናውን ዋጋ 3 በመቶ ብንል)፦ 120,000 ብር
— ስድስት ጎማ፣ አንዱ በ30,000፦ 180,000 ብር
— ሸራ፣ ገመድ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ዕቃ፦ 40,000 ብር
— ለመጀመሪያ ሁለት ምልልሶች የነዳጅና የመንገድ ወጪ፦ 67,760 ብር
— የሦስት ወር የክፉ ቀን መጠባበቂያ፦ 326,250 ብር

ድምሩ 2,834,010 ብር። ልጁ የያዘው 2 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ 834,010 ብር ይጎድለዋል፣ መኪናውን ግን ገዝቷል። ብዙ ባለ መኪና የሚሰበረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ጎማ ሲፈነዳ በዱቤ፣ ዱቤው ሲደርስ በአራጣ፣ አራጣው ሲገፋ መኪናውን ከዋጋ በታች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከየት መጡ? ከወር ሂሳቡ ነው። እሱን እንየው።

የወር ሂሳብ

መኪናው በወር አምስት ጊዜ ቦሬ–አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል እንበል። አንዱ ምልልስ 800 ኪሎ ሜትር፣ በወር 4,000 ኪሎ ሜትር። በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ምልልስ 200 ሊትር ናፍጣ ይበላል።

የናፍጣን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሊትሩ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር። በ2017 ዓ.ም በገና ሰሞን 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በዚያ ስሌት ያው አንድ ምልልስ ከ9,804 ብር ወደ 19,796 ብር አደገ ማለት ነው። መኪናው አልተቀየረም፣ መንገዱ አልረዘመም፣ ድንቹም ያው ድንች ነው። ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ ታርጋ እየተመዘገበ የድጎማ ተጠቃሚ የተደረገው የሕዝብ ማመላለሻ ነበር፤ የጭነት መኪና ሙሉውን ይከፍላል። ከዚያም በኋላ ዋጋው ወደ ላይ ነው የሄደው። ለዛሬ ሂሳባችን ሊትሩን 120 ብር እንያዝ፤ ማደያ ደርቆ ከጥቁር ገበያ በጀሪካን የሚቀዳበትን ቀን ሳንጨምር።

የሚንቀሳቀስ ወጪ በወር፦ ነዳጅ 120,000፣ ጎማ 14,400 (ስድስቱ ጎማ 50,000 ኪሎ ሜትር ቢቆይ)፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ጥቃቅን ጥገና 15,000፣ ደላላ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ኮቴ፣ ማደሪያ፣ የሞጆ–ባቱ የፍጥነት መንገድ ክፍያ በምልልስ 4,000 ቢሆን 20,000። ድምሩ 169,400፣ በአንድ ምልልስ 33,880 ብር።

የማይንቀሳቀስ ወጪ፣ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም፦ የሾፌርና የረዳት 40,000፣ መድን 10,000፣ ብድር 58,750፣ ለመተኪያ የሚቀመጥ 25,000። ድምሩ 133,750 ብር።

ሁለቱ ሲደመሩ 303,150 ብር ነው። ለአምስት ሲካፈል እያንዳንዱ ምልልስ ቢያንስ 60,630 ብር ማምጣት አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ነው ትርፍ የሚባለው።

በዝናብ ወይም በመንገድ መዘጋት አምስቱ ሦስት ቢሆኑስ? የማይንቀሳቀሰው ወጪ ለሦስት ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ምልልስ 78,463 ብር ማምጣት አለበት። ጭራሽ ካልሠራ ደግሞ የመተኪያውን ቢያዘገይ እንኳ በወር 108,750 ብር ከኪሱ ይወጣል። ሦስት ወር ሲባዛ 326,250። ከላይ መጠባበቂያ ያልኩት ይሄንን ነው። ሦስት ወር በዝቷል የሚል ሰው ሞተር ወርዶ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቆ አያውቅም ማለት ነው።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ነገሮች «ምን አስፈለገ» ሊባሉ ይችላሉ። አንደኛው የሾፌር ደመወዝ ነው። «እኔው ነኝ የምነዳው፣ ለራሴ ደመወዝ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ያደርጋል! አንተ በሌላ ሰው መኪና ላይ ብትሠራ ደመወዝ ታገኝ ነበር። ያንን ካልቀነስክ ትርፍ የመሰለህ የራስህ ጉልበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው የመተኪያው 25,000 ነው። ብድሩ የሚከፍለው ያለፈውን መኪና ነው፤ ይሄኛው የሚቀጥለውን ነው። 4 ሚሊዮን ያወጣ መኪና ከስምንት ዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ቢያወጣ በመሀል 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ለ96 ወር ሲካፈል በወር 25,000።

ይህን ለከብት ባለቤት ማስረዳት ይቀላል። ጊደር ብታቆያት ትወልዳለች። መኪና አይወልድም፤ በየዕለቱ አንድ አንድ እያለ እንደሚያልቅ መንጋ ነው። ከመንጋ ወደ መኪና የሚሻገር ሰው ከሚያድግ ሀብት ወደሚያረጅ ሀብት እየተሻገረ መሆኑን አውቆ ነው መግባት ያለበት። ብሩን ባንክ ቢያስቀምጠው እንኳ በትንሹ የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ 2 ሚሊዮኑ በዓመት 140,000 ብር ይወልድ ነበር። መኪናው ከዚያ በላይ ካላመጣ ድካሙ ለምንድን ነው?

ባዶ መመለስ

አሁን ከላይ ያቆየነውን እንመልስ። ያ 60,630 ብር ከየት ይምጣ?

መኪናው ከቦሬ 80 ኩንታል ድንች ጭኖ ወጣ፣ ባዶውን ተመለሰ እንበል። ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በኩንታል 758 ብር ገደማ መጠየቅ አለበት። ሲመለስ 80 ኩንታል ሲሚንቶ ወይም ዱቄት ካገኘ ግን ለሁለቱም አቅጣጫ 379 ብር ይበቃዋል። ልክ ግማሹ! በዚህ ሥራ ውስጥ የአንድ ሰው ጥበብ ከሌላው የሚለየው በመንዳት ችሎታ ሳይሆን በዚህ ነው፤ መመለሻ ጭነት በማግኘት።

ለዚህም ነው ደላላው የነገሠው። ብቻውን ያለ ባለ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ሁለት ቀን ጭነት ፍለጋ ከተቀመጠ የሚያጣው የምግብና የማደሪያ ብር ብቻ አይደለም፤ በወር ከሚሠራቸው አምስት ምልልሶች አንዱን እየበላ ነው። ስለዚህ ደላላው የሰጠውን ዋጋ ይቀበላል። ደላላን መስደብ ቀላል ነው፣ ግን ሰውዬው የሚሸጠው እውነተኛ ነገር አለው፤ መረጃ። መድኃኒቱ ያንን መረጃ በራስ ማምጣት ነው። በአዶላና በነገሌ ካሉ ሁለት ሦስት ጅምላ ነጋዴዎች ጋር ቋሚ ስምምነት ያለው ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ የሚጭነውን አውቆ ይነሳል። ትንሽ ቅናሽ ሰጥቶም ቢሆን ከደላላው የተሻለ ያተርፋል።

ወቅቱም መታወቅ አለበት። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ጥር የመኪና ፈላጊ ይበዛል፣ ኪራይም ይወጣል። በቆላው ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር። ሲዘንብ መጋቢ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ የባሰ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ከብቱ አለቀ። ከብት ሲያልቅ ለባለ መኪናው የሚጫን የቁም ከብት የለም፣ ወደ ታች የወረደውን ሸቀጥ የሚገዛም የለም። በዚያ ጊዜ ወደ ቆላ ይወርድ የነበረው ድርቆሽና የእርዳታ እህል ነው። የእርዳታ ጭነት ደግሞ በአብዛኛው በጨረታ ለትልልቅ ትራንስፖርተሮችና ማኅበራት የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ብቸኛው ባለ መኪና ከእነሱ ሥር ገብቶ ካልሆነ አይደርሰውም።

«ትንሽ ብጨምርበትስ?»

ሂሳቡ አልሞላ ሲል የሚመጣው መፍትሔ ይታወቃል። 80ውን 100 ማድረግ። በወረቀት ላይ ገቢው በሩብ ያድጋል። ግን ጎማው፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ ይከፍላሉ፤ ከሐገረ ሰላም ወደ ወንዶ፣ ከቦሬ ወደ አዶላ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ አይነገረውም። መንገዱም ይከፍላል። አሜሪካኖች በኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ትልቅ የመንገድ ሙከራ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ኃይል ገደማ እንደሚያድግ አይተዋል። ክብደቱ በሩብ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 2.4 እጥፍ ነው። አስፋልቱ ሲቦረቦር መልሶ ጎማ የሚበላው ያንኑ ከልክ በላይ የጫነውን ሰው ነው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ መድን ድርጅቱ የጭነት ልኩን ይጠይቃል። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ፍጥነትና ምልልስ ለመጨመር የሚደረግ ሩጫ ነው። ሩጫው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጠበበ ሂሳብ ይጀምራል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁጥሩን አዙሮ መጀመር። ጥያቄው «2 ሚሊዮን ስንት ብር የሚያወጣ መኪና ይገዛል?» መሆን የለበትም። «ከ2 ሚሊዮኑ ላይ 834,010ውን ካነሳሁ በኋላ በቀረኝ ምን ቅድመ ክፍያ እከፍላለሁ?» ነው። መልሱ 1,165,990 ብር ነው። ያ ብር ኤፍ ኤስ አር የማያስገዛ ከሆነ አነስ ያለ ኤን ፒ አር፣ ወይ አንድ ዓመት ተጨማሪ በሰው መኪና ላይ መሥራት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሁለተኛ፣ መጋራት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። አንዱ የሚነዳ፣ አንዱ ጭነት የሚያገኝ ሁለት ሰዎች አንድ መኪና ቢይዙ ከሁለት ብቸኛ ባለ መኪኖች የተሻለ ዕድል አላቸው። ግን በወረቀት ይሁን። የሚነዳው መጀመሪያ ደመወዙን ይውሰድ፣ መተኪያው ይቀመጥ፣ ከዚያ የቀረው ይካፈል። ወንድማማች የሚጣላው በብር ማነስ ሳይሆን ያልተጻፈ ስምምነት ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የኪሎ ሜትር ዋጋን ማወቅ። አሜሪካ ውስጥ የራሳቸውን መኪና የሚነዱ ሰዎች፣ ከእነሱም መሀል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፣ መጀመሪያ የሚማሩት የአንድ ማይል ወጪያቸውን ነው። የዚያ አገር የትራንስፖርት ጥናት ተቋም ለ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አማካይ በማይል 2 ዶላር ከ27 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በታች የሚከፍል ጭነት ሲመጣ አይነሱም። በኛ ምሳሌ 303,150 ለ4,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 76 ብር ገደማ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና በየማደያው የሚገኝ ደረሰኝ ይበቃል። ነዳጅ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል ግማሹ መዝገብ ስልክ ውስጥ አለ።

አራተኛው የባለ መኪናው ሥራ አይደለም። ባንኮች በወር እኩል ክፍያ ከሚጠይቁ በቡና ወቅት ከፍ፣ በዝናብ ወቅት ዝቅ የሚል አከፋፈል ቢያወጡ ለራሳቸውም ይጠቅማል፤ የተወረሰ አሮጌ አይሱዙ ለባንክ ምን ይሠራለታል? የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናው አዋጅም ከወረቀት ወርዶ ነገሌ ቅርንጫፍ ቢደርስ ጥሩ ነው። የከተማ አስተዳደሮች ደግሞ በየኬላው የሚቀበሉት ኮቴ ተደምሮ ድንቹ ሸማች ጋ ሲደርስ ዋጋው ላይ እንደሚታይ ቢያስቡበት። ባለ መኪናው ከፋይ ይመስላል እንጂ ከፋዩ አዲስ አበባ ላይ ድንች የሚገዛው ሰውና ቦሬ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ገበሬ ናቸው።

በጉጂና በቦረና «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበትን ሰው ወገኑ ከየመንጋው አንድ አንድ አውጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። መኪናው የተገለበጠበትን ሰው መልሶ የሚያቋቁም እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፤ ያለው መድን፣ መጠባበቂያና ደብተር ነው። እልል ከማለታችን በፊት እነዚህ ሦስቱ መኖራቸውን ብንጠይቅ ለልጁም ለዘመዱም ይሻላል።